ለቁንጫ የተነሰነሰ አመድ

ዘንድሮ መስከረም ላይ የአጎቴን ልጆች ለመጠየቅ ከሶዶ በሚኒባስ ሻንቶ ወረድኩ። ከዚያ ባጃጁ ጭቃው እስከፈቀደለት ድረስ ወሰደኝ፤ የቀረውን ጫማዬን በእጄ ይዤ በእግሬ ሄድኩ። መንደሩ መግቢያ ላይ አንዲት የማላውቃት ልጅ እግር ሴት ከምድጃዋ የዛቀችውን አመድ እንሰቱ ሥር እየበተነች ነበር። ወዲያው ካፊያ ጣለ። ትኩስ አመድ ዝናብ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ትንሽ ሳሙና ሳሙና ይላል። ሽታው ሲደርሰኝ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ሴትየዋ ብርድ የመታኝ መስሏት ወደ ቤት ግቢ ብላ ለመነችኝ። አፈርኩ ብላት ምኑን ትረዳኛለች? በአሥራ አንድ ዓመቴ የያዘኝ እፍረት ነው፤ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ዓመቱ ሁለት ሺህ ነበር፤ ሚሊኒየም የተባለው። አገሩ በሙሉ ዓመት ቆጣሪ ሆኖ ነበር። ሶዶ ውስጥ ጎረቤታችን የነበሩት አቶ ጌታቸው ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አባቴን አጥር ላይ ያቆሙታል። ሁለት ሺህ የምትሉት ከክርስቶስ ልደት ወዲህ ያለውን ብቻ ነው፣ ዓለም ከተፈጠረ ግን ሰባት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ሆኗታል ይሉታል። አባቴ የሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ሳቅ ብሎ አራት ተኩል ቢሊዮን ይላቸዋል። እሳቸውም ዜሮ ሲበዛ አይከብድህም ወይ ብለው ይጠይቁትና ተሳስቀው ይለያያሉ። እኔ ሁለቱም ትክክል ናቸው ብዬ አምን ነበር። አቶ ጌታቸው የሚቆጥሩት የእነሱን ሰፈር ዓለም፣ አባቴ የሚቆጥረው ደግሞ የትምህርት ቤቱን ዓለም ይመስለኝ ነበር።

አባቴን ሰው ሁሉ ቲቸር ማርቆስ ይለዋል። አንድ ነገር ሲያስረዳ እጁ የገባውን ሁሉ ነው የሚጠቀመው፤ አንዳንዴ ደግሞ እኔን። ክፍል ውስጥ ስለ ዕድሜ መለኪያ ሲያስተምር ሁልጊዜ የሚጀምረው በእኔ ጆሮ ነበር። በእኛ ጊዜ አንድ ልጅ ሰባት ዓመት መሙላቱ የሚታወቀው ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ሲነካ ነው። የእኔ ክንድ አጭር ስለነበር አልደረሰልኝም፣ በሚቀጥለው ዓመት ተመለሺ ተባልኩ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ክንዷ ረጅም ነው፤ በአምስት ዓመቷ ጆሮዋን ይዛ ገባች። አባቴ ይህን ሲያወራ ተማሪዎቹ በሳቅ ይሞታሉ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያ መለኪያ ክንድ እንጂ ዕድሜ አይለካም፣ ጥሩ መለኪያ ማለት የክንድን መርዘምና ማጠር የማያይ ነው ይላቸዋል።

ወደ ካርቦን የሚሻገረው በዚህ ነው። ዛፍ በሕይወት ሳለ ከአየር ካርቦን ይስባል፤ ከሚስበው ውስጥ ጥቂቱ ቀስ እያለ የሚጠፋ ዓይነት ነው። ዛፉ ከሞተ መሳቡን ያቆማል፤ ያ ዓይነት ካርቦን ወደ አምስት ሺህ ሰባት መቶ ዓመት ገደማ ሲሞላው ግማሹ ይሄዳል፣ ያን ያህል ጊዜ ቆይቶ ደግሞ ከቀረው ግማሹ። ብርድ አያዘገየውም፣ ሙቀት አያፈጥነውም። የቀረውን ለክቶ ዛፉ መቼ እንደሞተ ማወቅ ይቻላል። ሃምሳ ሺህ ዓመት ካለፈው ግን የሚለካ ነገር አይተርፍም፤ ስለዚህ የዳሞታን ተራራ ዕድሜ ካርቦን አይጠየቅም። ለድንጋይ እጅግ ቀስ ብለው የሚያልቁ ሌሎች ንጥረ ነገሮች አሉ። አባቴ በተለይ አንድ ነገር ደጋግሞ ይናገር ነበር፦ መለኪያው የሚመልሰው ያቀረቡለትን ነው፣ ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ናሙና ከሰጡት ስለ ተቀላቀለው ነው የሚናገረው።

እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ ከሰል እንደሚቆጥር ብቻ ነበር። የእናቴ ከሰል ሲቀጣጠል ጠሽ ጠሽ የሚለው እየቆጠረ መስሎኝ ጆሮዬን አስጠግቼ የጎን ፀጉሬን አቃጠልኩ። እናቴ አልማዝ በአንድ እጇ ጥፊ፣ በሌላው ቅቤ አቀመሰችኝ። ከዚያ በኋላ አንድ የከሰል ቁራጭ መስኮት ላይ አስቀምጬ ግማሽ መሆኑን ለማየት ቅዳሜ ቅዳሜ በማስመሪያ እለካው ነበር። አላነሰም፤ እኔም ሰነፍ ከሰል ነው ብዬ ጣልኩት።

አጎቴ አንጁሎ ከሚኖርበት መንደር በላይ በኩል ሰፊ ዋሻ አለ። ፍየሎች ዝናብ ሲመጣ የሚጠለሉበት፣ ልጆች የሚደበቁበት ቦታ ነው። ከሚሊኒየሙ በፊት በነበረው በጋ ዶክተር ኤልያስ የሚባል ተመራማሪ ከአዲስ አበባ ሁለት ፈረንጆች አስከትሎ መጥቶ ቆፈረው። ዶክተሩ ወላይትኛ ስለማይችል አባቴ አስተርጓሚና መንገድ መሪ ሆነለት። ከጉድጓዱ ጥቁር የከሰል ንብርብር ወጣ፤ ወደ ውጭ ተልኮ ሲለካ ከሠላሳ ሺህ ዓመት በላይ ሆኖ ተገኘ። ወሬው የመጣ ቀን አባቴ ምሳ አልበላም። ለአቶ ጌታቸው ነገራቸው፣ ለፀጉር አስተካካዩ ነገረው፣ ክፍል ገብቶ ለተማሪዎቹ ነገራቸው። ከዚያ መንደር መጥተው ሶዶ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ነበሩት፤ በእነሱ ተራራ ላይ ከሠላሳ ሺህ ዓመት በፊት እሳት የሞቀ ሰው መኖሩን ሲሰሙ ደረታቸውን ነፍተው ሰነበቱ።

ዶክተሩ ሲሄድ ጉድጓዱ ውስጥ ሸራ አነጠፈ፣ አፈር መለሰበት፣ ቦታውን ለአባቴ አደራ አለ። እስኪመለስ ድረስ ሰው እንዳይገባ። አባቴም ቃል ሰጥቶ የዋሻውን አፍ በእሾህ አጠረው።

አጎቴ አንጁሎ የመንደሩ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። እናትና አባታቸው ሲሞቱ አባቴን ያሳደገው እሱ ስለሆነ አባቴ ፊቱ ቀና ብሎ አይናገርም። ሠላሳ ሺህ የሚባለውን ነገር አጎቴ አልወደደውም፤ ግን እንግዳ የሚያስቀይም ሰው አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ አባቴን፣ አዳም ሳይፈጠር እሳቱን ታዲያ ማን አነደደው ብሎ ጠየቀው። አባቴ ሳቀና ስለ ከብቶቹ ጠየቀ። ወደ አጎቴ ቤት ስንሄድ አራት ተኩል ቢሊዮኑን ሶዶ ጥሎት ነበር የሚመጣው።

መስከረም ገባ፤ ጊፋታ ደረሰ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው። ከበዓሉ በፊት ቤት ሁሉ ባዶ ይደረጋል፣ ወለሉ በእበት ይለቀለቃል፣ የምድጃው አመድ ተጠርጎ ይወጣል፤ የአሮጌው ዓመት እድፍ ወደ አዲሱ አይሻገርም። ወንዶች ለበሬው፣ ሴቶች ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ሲያጠራቅሙ የቆዩት ለዚህ ነው። እናቴ እኔን ይዛ ቀደም ብላ ወደ መንደሩ ሄደች። ሴቶቹ ቆጮ እየከተፉ ሲጫወቱ የአጎቴ ሚስት ስለ ዶክተሩ አነሳች። አምና ዋሻው ውስጥ ሲውል ቁንጫ በልቶት አንገቱ ሁሉ ቀልቶ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጦ ሲያክ አይታዋለች። በእኛ መሬት ላይ እንግዳ ተበላ አለች። ከበዓሉ በኋላ ደግሞ ሊመለስ ነው።

ይህ ንግግር እናቴን ወጋት። የእንግዶቹ ባለቤት ባሏ ነውና ቁንጫውም የእሷ ሆነ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር እናቴን ከታመመችበት አልጋ የሚያስነሳ ነበር፤ ይባስ ብሎ ጊፋታ ነው፣ ሁሉም ቤት እየጸዳ ዋሻው እንዴት ሳይጸዳ ይቅር? በማግስቱ ሴቶቹን አስከትላ ወጣች። እሾሁን አነሱ። የተመለሰውን አፈር ዛቁና ሸራውን አወጡት፤ እርጥብ ነው፣ ይሸታል ብለው አጥበው አሰጡት። ቁንጫ አመድ አይወድም፤ ስለዚህ ከየቤቱ ምድጃ አመዱን ከነከሰል ስብርባሪው በቅርጫት እያመጡ በተኑ። እናቴ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ በግድግዳው ስንጥቅ ሁሉ አመዱን በጣቷ ስትወትፍ አይቻታለሁ፤ ቁንጫ የሚደበቀው እዚያ ነው ትላለች። ከዚያ እንግዳ እግሩን እንዳይሰብር ብለው ጉድጓዱን ሞሉት፣ ወለሉን በእበት ለቀለቁት፣ ሣር ጎዘጎዙበት። እኛ ልጆቹ ልቅላቂውን እንዳንረግጥ ተከልክለን ከውጭ ነበር የምናየው። እውነት ለመናገር ያን ያህል ያማረ ዋሻ አይቼ አላውቅም።

አባቴ ትምህርት ቤት ውሎ ለበዓሉ ዋዜማ ደረሰ። እናቴ ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ እጁን ይዛ ወደ ላይ ወሰደችው፤ ሴቶቹም ከኋላ። ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። የእበቱና የአመዱ ሽታ ገና ትኩስ ነበር። ማን ነው ብሎ ጠየቀ።

«እኛ ነና» አለች እናቴ፤ ፊቷ በርቶ ነበር። «ዘንድሮ እንግዶችህ አይበሉም።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ከሣሩ ሥር ያለውን ልቅላቂ ነካ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እኔ ደስታ መሰለኝ። ሴቶቹ ሁሉ አፉን አፉን ያዩታል።

«እጃችሁ ይባረክ» አለ በመጨረሻ። «በጣም ቆንጆ ነው።»

ሴቶቹ እልል አሉ። በማግስቱ ዮ ዮ ጊፋታ እየተባለ ሲዘፈን አባቴ ሥጋውን አልነካም፤ ጥርሱን አሞት ነው ብዬ ለአጎቴ ልጅ ነገርኳት። በዓሉ አልፎ እናቴ ወደ ሶዶ ስትመለስ እሱ ለአንድ ቀን ቀረ። እኔም ከእሱ ጋር ቀርቼ ነበር። ከዋሻው ሲወርድ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ነጭ ሆኖ ነበር። ሣሩን አንስቷል፣ ልቅላቂውን ፍቋል፣ አመዱን የቻለውን ያህል ዝቆ አውጥቷል፣ ሸራውንና አፈሩን መልሷል፣ እሾሁን አጥሯል። እኔ ለዶክተሩ የበለጠ እያሳመረለት መስሎኝ ምን ሠራህ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩትም።

ዶክተሩ ኅዳር ላይ ሲመጣ የዋሻው አፍ ላይ ከአባቴ ጋር ቆሜ ነበር። አፈሩን አየት አድርጎ ሰው ገብቶ ነበር ወይ አለው። አባቴ ፍየሎች አጥሩን ጥሰው እንደነበር፣ ሰው ግን እንዳልገባ ነገረው። በእኔ ቤት ይህ ተንኮል የሌለበት ነገር ነው፤ የተዘጋጀለትን ነገር ዶክተሩ ራሱ ደርሶ እንዲደሰትበት መደበቁ መሰለኝ። በመጨረሻው ቀን እናቴ ምሳ ይዛ ወጣችና ወንድና ሴት በማይለየው የገበያ አማርኛዋ፣ «ዶክተር፣ ዘንድሮስ ቁንጫ በላሽ?» አለችው። አንድም አልነካኝም አላት። እናቴ ወደ አባቴ ዞራ አየችው፤ እንደዚያ ቀን ኮርታ አይቻት አላውቅም። አባቴ ጫማውን እያሰረ ነበር።

ከዚያ ወራት አለፉ። ሚያዝያ ላይ ዶክተር ኤልያስ ብቻውን ሶዶ ቤታችን መጣ። ከሳ ብሎ ነበር። አባቴ ፊት ተቀምጦ የሆነውን አስረዳው። ከጉድጓዱ ግድግዳ ታች በኩል የወሰዳቸው የከሰል ናሙናዎች ሲለኩ ትኩስ ሆነው ተገኙ፤ ዛፉ በቅርብ ቆሞ የነበረ ነው። ከላያቸው ያለው ንብርብር ግን ሠላሳ ሺህ ይላል። የታችኛው ከላይኛው በዕድሜ ሊያንስ አይችልም፤ ስለዚህ አብረውት የሚሠሩት ሰዎች የአምናውንም ውጤት መጠራጠር ጀምረዋል። ቦታው ሊዘጋ ነው፤ እሱ የለፋበትም ሁሉ አብሮ ይቀራል።

«ቲቸር፣ አንድ ሰው እንኳ ገብቶ ከነበረ ንገረኝ» አለው። «ጥፋተኛ ፍለጋ አይደለም። የገባው ነገር ምን እንደሆነ፣ የት የት እንደነካ ካወቅኩ የተበላሸውን ለይቼ ጥዬ ያልተነካውን አድናለሁ።»

አባቴ ማንም አልገባም አለ።

እናቴ የጎመን ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አማርኛዋ ከቅቤ ዋጋ ብዙ አያልፍም፤ ግን ከሰል የሚለውን፣ ትኩስ የሚለውን፣ ገባ የሚለውን ታውቃለች። ሳህኑን ሳታስቀምጥ ብዙ ቆየች። እኔም ያኔ ነው የገባኝ። ሱሪው ለምን ነጭ እንደነበር፣ ጥርሱም እንዳላመመው ባንድ ጊዜ ገባኝ።

ዶክተሩን ሸኝተው ሲመለሱ በራችን ላይ በወላይትኛ ተነጋገሩ። እናቴ ለምን እኔ ነኝ አላልከውም አለችው፤ አመድ በተንኩ እንጂ የሰው ዕቃ አልሰረቅኩ። አባቴ አሁን ብነግረው ኅዳር ላይ ለምን ደበቅክ ይለኛል አላት።

«ያኔ ስለ አንቺ ብዬ ነበር ዝም ያልኩት» አለ። «አሁን ስለ ራሴ ነው።»

«ስለ እኔ ዝም በል ብሎ ማን ለመነህ?» አለችው።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ አመድ የሚለው ቃል አልተነሳም። እናቴ የከሰል ምድጃዋን ስታራግፍ እንኳ ወደ ጓሮ ዞራ፣ ሰው በማያይበት ነበር።

ወሬ ግን እግር አለው። ዶክተሩ ቁፋሮው ማብቃቱን ለአጎቴ ሲነግረው ምክንያቱን አልደበቀም። አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቢሆንም ትልቅ ሸክም ከትከሻው እንደወረደለት ሁሉ ለሽማግሌዎቹ አወራ፤ ሽማግሌዎቹ ለመንደሩ፤ የጊፋታውን አመድ ከነገሩ ጋር ያገናኘ ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ መንደር የሚመጡት ተማሪዎች ክፍል ውስጥ እጃቸውን አውጥተው፣ ቲቸር፣ ካርቦን ተሳሳተ አሉ፣ እውነት ነው ብለው ጠየቁት። አባቴ መጽሐፉን ገልጦ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እንለፍ አላቸው። ይህን የነገረችኝ ያቺ ክንደ ረጅሟ የአጎቴ ልጅ ናት፤ ወንድሟ እዚያ ክፍል ነበር። አባትሽ ሲያስተምር እጁን አጣጥፎ ቆሞ ነበር አለችኝ። አባቴ እጁን አጣጥፎ ያስተማረበት ቀን ኖሮ አያውቅም። ስለ እሱ ሰው ፊት ሲነሳ ጆሮዬ መጋል የጀመረው ከዚያን ጊዜ ወዲህ ነው።

ግንቦት ላይ በአጎቴ ቤተ ክርስቲያን ኮንፈረንስ ሆነ። ሕዝቡ ስለበዛ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ድንኳን ተተከለ፤ ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል ተቀመጡ። ሰባኪው ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ በአማርኛ ይሰብካል፣ አባቴ ወደ ወላይትኛ ያስተረጉማል። ይህ የቆየ ሥራው ነበር። ሰባኪ ሲጮህ ይጮሃል፣ ሰባኪ ሲያለቅስ ድምፁ ይሰበራል፣ እጁንም እኩል ያነሳል። ሰዎች ከሰባኪው ይልቅ እሱን ለማየት ይመጣሉ ይባል ነበር። ያን ቀን ዶክተር ኤልያስም ነበር። የቀሩ ዕቃዎቹን ሊወስድ መጥቶ አጎቴ ምሳ ሳትበላ አትሄድም ብሎ ከእንግዶች ወንበር ላይ አስቀምጦታል። ተማሪዎቹ ደግሞ የመዘምራን ልብስ ለብሰው ከፊት ናቸው።

ሰባኪው ስለ ሰው ጥበብ ጀመረ። ለስለስ ያለ፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው። ወንድማችን ዶክተሩ እዚህ አለ፣ በእሱ ላይ አይደለም፣ እንግዳችን ነው አለ። ከዚያ ወደ ዋሻው ገባ። ሠላሳ ሺህ ዓመት አሉን፤ በዓመቱ ደግሞ መሣሪያው ራሱ ትናንት ነው አላቸው። ትናንትንና ሠላሳ ሺህ ዓመትን ለማይለይ መሣሪያ ነው ልጆቻችንን የምንሰጠው? አባቴ አስተረጎመ። ሳቁ ሁለት ጊዜ መጣ፤ መጀመሪያ አማርኛ የሚያውቁት ሳቁ፣ ከዚያ አባቴ ሲጨርስ የቀሩት። ሰባኪው መሣሪያው ዋሸ አለ፤ አባቴም በወላይትኛ፣ በራሱ አፍ፣ መሣሪያው ዋሸ አለ። እጆቹ ከጎኑ አልተነሱም። ተማሪዎቹ አንዴ እርስ በርሳቸው፣ አንዴ እሱን ያያሉ። ዶክተሩ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እኔ ከሴቶቹ በኩል ከእናቴ አጠገብ ተቀምጬ መሬቱ ቢከፈትልኝ ደስ ባለኝ።

እናቴ ተነሳች።

በእኛ ዘንድ ስብከት መሃል ሴት ተነስታ አትናገርም። የአጎቴ ሚስት ቀሚሷን ያዘቻት፤ እናቴ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እንግዶቹ ወንበር ዞረች። ሰባኪው ምስክርነት ያላት መስሎት በአክብሮት ስብከቱን ገታላት። እናቴ በወላይትኛ ተናገረች።

«ዶክተር፣ ለአንተ ነው የምናገረው። በጊፋታ ዋሻውን ያጸዳሁት እኔ ነኝ። ቁንጫ እንዳይበላህ ብዬ የምድጃ አመድ ጉድጓዱ ውስጥ በተንኩ፣ በግድግዳው ስንጥቅ ሁሉ በጣቴ ወተፍኩት። ትኩስ ነው ያሉህ ከሰል የእኔ ነው። መሣሪያህ አልዋሸም። ባለቤቴ አያውቅም፤ ገና አሁን መስማቱ ነው።»

የመጨረሻው ውሸት ነበር። በውሸት ምክንያት እኔን ስንት ጊዜ የገረፈችኝ እናቴ በእግዚአብሔር ቤት፣ በሕዝብ ፊት ዋሸች። ጥፋቱን ሁሉ ራሷ ላይ ጭና ለአባቴ ንጹሕ መውጫ ከፈተችለት። ከእሱ የሚፈለገው የተባለውን በአማርኛ መድገም ብቻ ነበር። ዶክተሩ ሥራውን ያድናል፣ ተማሪዎቹም የተማሩት ነገር እውነት እንደነበር ያውቃሉ። ዶክተሩ ለእሱ እየተናገረች መሆኑን ከፊቷ ተረድቶ ወደ አባቴ ተመለከተ። ሰባኪውም፣ «እናታችን ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ።

አባቴ አፉን ከፈተ። ዶክተሩን አየ፣ አጎቴን አየ፣ ተማሪዎቹን አየ። እናቴን ግን አላየም።

«በሰላም መጣህ፣ በሰላም ግባ፣ እግዚአብሔር ይባርክህ ነው የምትለው» አለ በአማርኛ።

ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው እዚያ ሞልቶ ነበር። አጎቴ ያውቃል፣ ተማሪዎቹ ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። አጎቴ መሬት መሬት አየ። ከመዘምራኑ አንዱ ልጅ የልብሱን እጅጌ መጎተት ያዘ። ማንም አላረመውም።

ዶክተር ኤልያስ ከወንበሩ ተነሳ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለእናቴ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳት።

«አሜን፣ እናቴ» አላት። «ደግነትሽን አልረሳውም።»

ያን ያህል አማርኛ እናቴ ታውቃለች። አባቴን አየችው፤ ብዙም አልቆየችም፤ ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠች። እጇን ልይዛት ስል እጄን ከጉልበቷ ላይ አንስታ ቀስ ብላ ወደ እኔ መለሰችው። ሰባኪው ደስ ብሎት «አሜን» አለና ወደ ስብከቱ ተመለሰ። አሜን በአማርኛም በወላይትኛም ያው አሜን ነው፤ አባቴ ግን እሱንም አስተረጎመው።